አሥራ ሁለት ሃያዎች

ብርቄ የበደለችኝ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለሦስተኛው በምመዘገብበት ሳምንት ነው። ስሟን እጽፋለሁ፤ «እትዬ» የሚለውን ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ ከስሟ ፊት አውጥቼዋለሁ። በዕድሜ ስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷም አሁን ድረስ እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ምግብ ቤቷን ይዛ አለች፤ እኔም እዚሁ አለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። «ትርንጎዬ፣ ጠፋሽ» ትለኛለች። «ሥራ ነው» እላታለሁ። ሰው የሚያየው ይህንን ነው።

ነገሩን በጽሑፍ ለማስፈር ሐሳቡም አልነበረኝም። ግቢዬ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ክፍል የተከራየች ሃና የምትባል ተማሪ አለች። ከአገር ቤት ከመጡ ጓደኞቿ ጋር ሆነው ለአዲስ ተማሪዎች የሚታደል መጽሔት እያዘጋጁ ነው፤ ቤት እንዴት ይገኛል፣ በትንሽ ገንዘብ እንዴት ይኖራል፣ እንዲህ ያለ ነገር። አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መጥታ፣ «እማማ ትርንጎ፣ እርስዎ ተማሪ እያሉ እንዴት ነበር የሚቆጥቡት? ሁለት ገጽ ብቻ ይጻፉልን» አለችኝ።

«ሌላ ማን ጻፈ?» አልኳት።

«እትዬ ብርቄ ነግረውን እኛ ጻፍነው። በጣም ደስ ይላል! ያኔ የሴቶቹ ሁሉ ባንክ እኔ ነበርኩ ብለው አሳቁን። ገንዘባችሁን ሁሉ ሳጥናቸው ውስጥ ያስቀምጡላችሁ ነበር አሉ።»

«አንድም ሳንቲም ጎድሎ አያውቅም አለች?»

«እንዴት አወቁ? ልክ እንደዚያ ነው ያሉት።»

እውነቷን ነው፤ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ሁለት ገጹን እጽፋለሁ ያልኩት ስለዚህ ነው። ከሁለት ገጽ ካለፈም ሃና የፈለገችውን ትቁረጥ።

ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆነን ነበር የምንኖረው። ክፍሏ ብሎኬት ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯ ደግሞ ሰማያዊ የብረት በር። አሁን ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ የቆመበት ቦታ ላይ ነበረች፤ ሕንፃው ሥር የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ሱቅ አለ፤ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር የምተኛበትን ጥግ እፈልጋለሁ፤ መስታወት ብቻ ነው የማየው። የበሩ ቁልፍ አራት ግልባጭ ስለነበረው አምስተኛና ስድስተኛም ሊኖረው እንደሚችል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ብርቄ በዕድሜ ትልቋ ናት፤ የሰው ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ትሠራ ነበር። ሁለቱ ልጆች በቀን ሥራ ቤት ያጸዱ ነበር። እኔም ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት ኤዶ ሰዓዳ ቤት አጥብና አጸዳ ነበር፤ ኤዶ እዚህ አክስት ማለት ነው፣ ትልቅ ሴት ሁሉ ኤዶ ትባላለች። ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪ ሙያ እማር ነበር። ከክፍሉ ሰው ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ማንም በክፉ አላነሳብኝም፤ ግን መብራት ሳበራ የሚገላበጥ ሰው ነበር።

ኤዶ ሰዓዳ ደሞዜን በሽልንግ ነበር የሚከፍሉኝ፤ በወር አምስት እስር፣ እያንዳንዱ እስር መቶ ባለ አምስት መቶ ኖት። አምስት እስር በቦርሳ አይገባም፤ በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬው እሄድ ነበር፣ ሽንኩርት የያዝኩ ይመስል። ከአምስቱ ሁለቱን ዋሄን ገበያ ወስጄ ሳይውል ሳያድር ወደ ዶላር እቀይራለሁ፤ ሽልንግ አስቀምጦ መቆጠብ በረዶ አስቀምጦ እንደመቆጠብ ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ያንሳል። ለአንድ ሃያ ዶላር ሁለት እስር ተኩል ገደማ ያስፈልግ ስለነበር፣ ሃያ ያልሞላውን ለሚቀጥለው ወር አሳድራለሁ። አሁን ሃና ይህን ብነግራት አይገባትም። እሷ ስልኳን ትጫናለች፤ ኪራዬ እኔ ዘንድ ይደርሳል። ገንዘብ ከያዘች መንፈቅ ሆኗታል መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየወሩ ያስከፍል ነበር። ሦስተኛው ዓመት ግን ሆስፒታል ውስጥ ልምምድ ስላለው ክፍያው አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለት መቶ አርባ ዶላር፣ በምዝገባው ሳምንት፣ ሙሉውን። የከፈለው ስሙ ለሆስፒታሉ ይላካል፤ ያልከፈለው የሚቀጥለው ዓመት ይመጣል። ሁለት መቶ አርባ ማለት አሥራ ሁለት ሃያ ነው። አሥራ ሁለት ሃያ ለማግኘት አሥራ አምስት ወር ፈጀብኝ።

እንዴት እንደቆጠብኩ ነው የተጠየቅኩት፤ ልንገራችሁ። በእግሬ ሄድኩ። ሚኒባሱ አምስት መቶ ሽልንግ ነበር፤ አንዲት ኖት። ከጅግጅጋ ያር ቁልቁል ወደ መሃል ከተማ ስወርድ ደህና ነው፤ ማታ ሽቅብ ስመለስ ነው የሚከብደው፤ በተለይ ነፋሱ አቧራውን ፊት ለፊት ሲያመጣው። ሚኒባሶቹ አጠገቤ ሲያልፉ የዑድ ዘፈናቸው ይደርሰኝ ነበር፤ ቃሉን ሳላውቅ ዜማውን ያወቅኋቸው ዘፈኖች አሉ፤ ሁሉንም የማውቃቸው ግን ግማሽ ግማሹን ነው፣ መኪናው እስኪርቅ ያለውን። ደብተሬን መጀመሪያ በእርሳስ፣ ቀጥሎ በዚያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፍኩበት፤ አንድ ደብተር ሁለት ትምህርት ይይዛል፤ ዓይን ይለምደዋል። መጽሐፍ አልገዛሁም፤ ከአንዲት የክፍል ጓደኛዬ ዓርብ ዓርብ እየተዋስኩ ገለበጥኩ። የክፍላችን ትንሽ ሬዲዮ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ሦስት ቀን ይጨምራል። ልብስ አልገዛሁም። ለዚህስ ከተማዋን አመሰግናለሁ፤ ሴት ሁሉ ጥቁር ዓባያ ደርባ ነው የምትወጣው፣ እኔም እንደሰው ደርቤ እወጣ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ቀሚስ ማን ያያል? አንዲት ቡናማ ቀሚስ ሁለት ዓመት ለበስኩ። ብብቷ ሲቀደድ ጣፍኳት፤ መጣፊያው ሲቀደድ በዚያው ተውኩት።

ደግሞ ጾምኩ። በክፍላችን ምግብ በጋራ ነበር፤ ብርቄ ታበስላለች፣ ወጪው ለአራት ይካፈላል፣ በዚያ ቀን ያልበላ ግን አይከፍልም። ረቡዕና ዓርብ ድሮም እጾም ነበር። ሰኞንና ማክሰኞን ጨመርኩ። ብርቄ አንድ ቀን ድስቱን እያማሰለች፣ «አንቺ ልጅ፣ የወሩን ቅዱስ ሁሉ ልትጾሚለት ነው? እነሱስ ይህን ሁሉ ጠይቀውሻል?» አለች። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ጠዋት ኤዶ ሰዓዳ ቤት ከልጆቹ የተረፈ ላሖህ በሻይ እበላ እንደነበር አልነገርኳቸውም። ላሖህ የእነሱ ስስ እንጀራ ነው፤ ከዘይትና ከስኳር ጋር ይበላል። ጾሙ ከመንፈስ ነበር ብዬ ዛሬም አልዋሽም።

ሃያዎቹን ስቀይር አንድ ነገር እጠነቀቅ ነበር። እዚህ አገር ዶላር ሁሉ አንድ አይደለም። በክቡ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነው የድሮው ኖት አይፈለግም፤ የተቀደደ፣ ቀለም የነካው፣ መሃሉ ላይ ማኅተም ያለበትም እንዲሁ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ራሱ ተለጥፎ ነበር፦ አሮጌ ኖት አንቀበልም። ስለዚህ ዋሄን ላይ ቀያሪው የሰጠኝን ሃያ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ፣ ገልብጬ፣ ጠርዙን ዳስሼ ነው የምቀበለው። ሰውየው በኖት ክምሩ ላይ ተደግፎ፣ «ወላሎ፣ ሸማ ነው እንዴ የምትገዢው?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር፤ ወላሎ እህቴ ማለቱ ነው። አሥራ ሁለቱም ትልቅ ጭንቅላት፣ አሥራ ሁለቱም ያልተጨማደዱ ነበሩ። አንዱን እንኳ አላጠፍኩትም።

እያንዳንዱን ሃያ የዚያኑ ቀን ለብርቄ እሰጣለሁ። ትልቋ ናት፤ ባለ ቁልፍ የቆርቆሮ ሳጥን ያላት እሷ ብቻ ናት፤ ከእኔ በፊት የነበሩትም ለእሷ ነበር የሚሰጡት። እኛ ሰዎች ገንዘብ አደራ ስንሰጥ የምንናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው። «ይሄው ሰባት ሞላ እትዬ» እላለሁ፤ «ሰባት» ትላለች፤ በጥለት መሐረብ ቋጥራ ትቆልፍበታለች። ምን ዓይነት ኖት እንደሆነ መናገር በሰው ዓይን መጠርጠር ነው። አልተናገርኩም። ስህተቴ ይህ ነው፤ ሌላ ስህተት አልሠራሁም።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ሐሙስ ነበር። ቀደም ብዬ ልከፍል ያልቻልኩት አሥራ ሁለተኛውን ሃያ ያገኘሁት ረቡዕ ከሰዓት ስለሆነ ነው። እሱን ራሴ ዘንድ አሳደርኩና ሐሙስ ንጋት ላይ፣ ብርቄ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል፣ «እትዬ፣ ዛሬ ነው» አልኳት። ሳጥኗን ከፍታ መሐረቡን ሰጠችኝ። «አሥራ አንድ ነው፣ ቁጠሪው።» ክፍሉ ገና ጨለም ያለ ነበር፤ ልጆቹም ተኝተዋል። በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። የእኔን ጨምሬ ቋጠርኩና ወጣሁ።

የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ድሬዳዋ ያደገ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። መሐረቡን ፈትቼ በመስኮቱ አሳለፍኩለት። ሦስቱን ቆጥሮ እጁ ቆመ።

«አቦ እህቴ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ምን ሆነ?»

«የድሮው ነው፤ ጭንቅላቱ ትንሽ ነው። ባንክ አይወስድልኝም።»

«የእኔ ትልልቁ ነው» አልኩት።

«እስቲ ራስሽ እይዋ።»

አየሁት። አሥራ አንዱም ላይ ትንሽ ሰውዬ፣ በትንሽ ክብ ውስጥ። አንዱ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ተጽፎበታል። አሥራ ሁለተኛው፣ የእኔ ጋ ያደረው፣ ብቻውን ትልቅ ነበር።

«አራት ሰዓት ነው» አለኝ። «እስከ ስድስት እዚሁ ነኝ። ቀይረሽ ነይ። ከስድስት በኋላ ግን ወላሂ አላውቅሽም፤ ዝርዝሩ ለሆስፒታሉ ይሄዳል።»

ብርቄን የምትሠራበት ምግብ ቤት አጣኋት። ሥራዋን ለቃለች አሉኝ፤ ከበላይ መንገድ ላይ የራሷን ቤት ተከራይታለች። ሮጬ ስደርስ ባዶ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ ወለል ትፈትግ ነበር፤ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ እያንጎራጎረች። መሐረቡን አሳየኋት። ፈገግታዋ እንኳ አልጠፋም።

«አዎ፣ ቀየርኩት። የአንገት ወርቄን የገዛኝ ሰውዬ በእነዚያ ነው የከፈለኝ፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ አዲሱን ካልሆነ ቁልፍ አልሰጥም አለኝ። ሃያ ለሃያ ነው፤ ምን ጎደለሽ?»

«ትምህርት ቤቱ አይቀበልም፣ እትዬ። ተጽፏል።»

«ይቀበላል ባክሽ፤ ተማሪ ሲያዩ ነው የሚኮሩት።»

«ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ።»

«ታዲያ ዋሄን ወስደሽ ቀይሪዋ!»

«ይቀንሱብኛል። የሚቀነሰውን ስጪኝ።»

«ከየት አምጥቼ? የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ ባዶ እጄን ነኝ፤ ይሄን ሳሙና እንኳ በዱቤ ነው ያመጣሁት።» ቡራሹን ባልዲው ውስጥ ነከረች። ይህን ስትል አልዋሸችም።

ዋሄን የመጀመሪያው ቀያሪ በአንዱ አራት ዶላር እቀንሳለሁ አለኝ። ሁለተኛውም አራት። በሸማ የሚቀልድብኝ ሰውዬ ያን ቀን አልቀለደም፤ «ወላሎ፣ ለአንቺ ሦስት» አለኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ሦስት፣ ሠላሳ ሦስት ነው። ኤዶ ሰዓዳ ለዘመድ ቀብር ቡርዓ ከተማ ሄደው ነበር፤ የክፍሌ ልጆች የት የት ቤት እንደሚሠሩ በውል አላውቅም። የማውቀው ሌላ ሰው አልነበረም። ሁለት መቶ ሰባት ዶላር ይዤ ተመለስኩ። ገንዘብ ተቀባዩ ቆጠረው፤ ከኪሱ አሥር ዶላር አውጥቶ ላዩ ላይ አደረገ። «ከዚህ በላይ የለኝም እህቴ። ሌላ አሥር፣ ሌላ አሥራ ሦስት የሚሰጥሽ ሰው ፈልጊ።» መስኮቱ ሥር ቆሜ የሚያልፈውን ሰው አየሁ። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቅሁም። መጠየቅ አልችልበትም፤ ዛሬም አልችልበትም። አዛን ሲል አሥር ዶላሩን መልሶ ኪሱ ከተተ፣ መስኮቱን ዘጋ፣ «አላህ ያግዝሽ» ብሎ ወደ መስጊድ ሄደ። ዝርዝሩ ያለ እኔ ሄደ።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ ሥራ የለም። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ግንበኛ ነበሩ፤ በእኛ ሰው መሃል ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ብርቄ ራሷ ነች ያስጠራቻቸው። አዲሱ ቤቷ ውስጥ፣ ገና ወንበር ሳይኖረው፣ ጄሪካን ገልብጠን ተቀመጥን፤ አሥር ሰው ያህል እንሆናለን። እኔ ተናገርኩ። አጭር ነው የተናገርኩት፤ ኖቱ ተቀየረ፣ ትምህርቴ ቀረ። ጋሽ ታደሰ ብርቄን ጠየቋት፦ «ቀይረሻል?»

«ቀይሬያለሁ፣ ጋሼ።»

«ስንት ነበር?»

«አሥራ አንድ።»

«ስንት መለስሽ?»

«አሥራ አንድ። ትርንጎ ራሷ ቆጥራ ነው የተረከበችኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ በዚያ በለመደችው የማሾፍ ድምፅ፣ «ለዶላር ደግሞ መልክ ይመረጥለታል እንዴ? ባል ልታገቢው ነው?» አለች።

ሳቁ። ጋሽ ታደሰም ሳቁ። ከክፍሌ ልጆች አንዷ ሻሽዋን አፏ ላይ ይዛ ሳቀች። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የዚያን ቤት ሳቅ ግን ማን መጀመሪያ እንደሳቀ፣ ማን መጨረሻ እንዳቆመ ልነግራችሁ እችላለሁ። የሰረቀችኝ ሌባ ብትሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ይሆን ነበር። እሷ ግን አልሰረቀችም። ቁጥሩን ሙሉ አድርጋ ዓመቱን ወሰደችብኝ፤ ይህ ደግሞ ስም የለውም።

ጋሽ ታደሰ ፈረዱ። «ቁጥሩ ሙሉ ነው። ሳትነግርሽ መቀየሯ ልክ አይደለም፤ ይቅርታ ትበልሽ። ትምህርት የዓመት ነገር ነው፣ ከርሞም አለ። ተሳሳሙ።» ብርቄ ተነስታ ይቅርታ አለች፤ ከልቧም ነበር መሰለኝ፤ ሳመችኝ። ሳምኳት። ከዚያ ለምርቃት ያሰናዳችውን ወጥ አቀረበች፤ የቤቱ የመጀመሪያ ምግብ ነው አለች። ዓርብ ነውና ወጡ ምስር ነበር። «ብዪ እንጂ ትርንጎ» አሉኝ። «እስከ ዘጠኝ ነው የምጾመው» አልኩ። ያን ቀን ጠዋት በልቼ ነበር።

በሳምንቱ ከዚያ ክፍል ወጥቼ ኤዶ ሰዓዳ ቤት አዳሪ ሠራተኛ ሆንኩ። ኤዶ ሰዓዳ ነገሩን ሲሰሙ አልሳቁም። «አሮጌውን በአዲስ? ወላሂ እዚህ ዋሄን ላይ ቢሆን በዱላ ይማቱበት ነበር» አሉና ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለውን ክፍል ሰጡኝ። አንድ ዓመት ሠራሁ። ጓደኞቼ ነጭ ጋዋን ለብሰው ወደ ሆስፒታል ሲያልፉ ከበረንዳው ላይ ምንጣፍ እያራገፍኩ አያቸው ነበር። እንደገና በእግሬ ሄድኩ፣ እንደገና ቡናማዋን ቀሚስ ጣፍኩ፤ በዚህ ጊዜ ሃያዎቹን ደብተሬ ገጽ መሃል አስገብቼ ራሴ ያዝኩ። በዓመቱ ተመዘገብኩ። ገንዘብ ተቀባዩ አንድ በአንድ አይቶ፣ «ሁሉም ቆንጆ ናቸው» አለኝ። ብርቄ በዚያ ዓመት ምግብ ቤቷን አሰፋች፤ የመንገዱ ሾፌሮች ሁሉ እሷ ጋ ይበሉ ነበር። በጎ ሴት ናት ይላሉ፤ ለብዙ ሰው በዱቤ ታበላለች፤ ልክ ናቸው። ለእኔም ሁለት ጊዜ በሰው ምግብ ልካልኝ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ለኤዶ ሰዓዳ ልጆች ሰጠሁት።

የመጨረሻው ፈተናዬ ቀን ጠዋት ጋሽ ታደሰ በራችን ላይ መጡ። «የብርቄ እናት አርፋለች» አሉኝ። «መርዶውን ዛሬ ማለዳ ነው ያረዳናት፤ ሰው ሁሉ እዚያ ነው።»

«ፈተና አለብኝ» አልኳቸው።

«ከፈተናው በኋላ ነዋ፣ ልጄ።»

«ከፈተናው በኋላ» አልኩ።

የብርቄን እናት አውቃቸው ነበር፤ በዓይን ሳይሆን በደብዳቤ። ብርቄ መጻፍ ስለማትችል ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤዋን የምጽፍላት፣ የመጣላትንም የማነብላት እኔ ነበርኩ። እናትየው በየደብዳቤው መጨረሻ ላይ ለእኔም ሰላምታ ያስጽፉ ነበር።

ፈተናው አምስት ሰዓት ላይ አለቀ፤ ጥሩ ሠርቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልነበረኝም። በብርቄ በር በኩል አለፍኩ። ሸራ ተወጥሯል፣ አግዳሚ ተደርድሯል፣ ደጁ ላይ ጫማ ሞልቷል። ድምፅዋን ሰማሁት። ጋሽ ታደሰ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቅ አድርገው በእጃቸው ጠሩኝ። አየኋቸው፤ መንገዴን ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ጋዋኔን አጠብኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ እስከ አሥር ሰዓት ተኛሁ። በሁለተኛው ቀን አልሄድኩም። በሰልስቱም አልሄድኩም።